የላቦራቶሪ ወረቀት ስርየት አይሰጥም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደድህ ወንድሜ ሆይ፣ ከግቢ ጉባኤ መርሐ ግብር በኋላ ወደ ጎን ጠርተው ዝቅ ባለ ድምፅ ከሚጠይቁን ወጣቶች አንዳንዶቹ የሚያነሡት ጉዳይ ተመሳሳይ ነው። ከአንዲት ሴት ጋር ተሳስመዋል፣ ተቃቅፈዋል፤ ከዚያ ያለፈ ነገር አልተፈጸመም። ሳምንት ሳይሞላ ግን ጉሮሯቸውን ይከረክራቸዋል፣ ሰውነታቸውን ያሳክካቸዋል፣ ሌሊት ያልባቸዋል። ስልካቸውን ከፍተው የበሽታ ምልክቶችን ያነባሉ፤ ያነበቡትንም ሁሉ በራሳቸው ላይ ያገኙታል። በመጨረሻም «እግዚአብሔር ቀጣኝ» ብለው ከቅዳሴ ይርቃሉ።

በዚህ ጭንቀት ውስጥ ሁለት ጥያቄዎች ተደባልቀዋል። «ታምሜ ይሆን?» የሚለው የሐኪም ነው፤ «በድያለሁን?» የሚለው የንስሐ አባት ነው።

ከሐኪሙ እንጀምር። ኤች አይ ቪ በምራቅ፣ በላብ፣ በእንባም ሆነ በመተቃቀፍ አይተላለፍም። ኮንዶም ስጋቱን እጅግ ይቀንሰዋል እንጂ ፈጽሞ አያጠፋውም። ጨብጥ ብዙውን ጊዜ በ2 ሳምንት ውስጥ ሽንት ሲሸና በማቃጠልና በፈሳሽ ይታወቃል፤ በእኅቶቻችን ላይ ግን ያለ አንዳች ምልክት ሊቆይ ይችላል። የቂጥኝ የመጀመሪያ ቁስልም አብዛኛውን ጊዜ ሕመም የለውም። እንግዲህ ምልክት መቁጠር ምን ይጠቅማል? ጭንቀት ራሱ ያልባል፣ ልብ ያስመታል፣ ሆድ ያውካል፤ ጤነኛውን ሕመምተኛ ያስመስለዋል።

በእርግጥ ለኤች አይ ቪ የሚያጋልጥ ግንኙነት ተፈጽሞ ከሆነ ሰዓቱ ውድ ነው፤ በ72 ሰዓት ውስጥ ወደ ጤና ተቋም የደረሰ ሰው ለ28 ቀናት የሚወሰድ መከላከያ መድኃኒት ሊታዘዝለት ይችላል። በመንግሥት ጤና ተቋማት የኤች አይ ቪ ምርመራ በነፃ ይሰጣል። ከግንኙነቱ 3 ወር ካለፈ በኋላ ተመርምሮ ነፃ መሆኑ የተነገረው ሰው ስለዚያ ቀን ደግሞ መመርመር አያስፈልገውም።

ነገር ግን ይህ ሁሉ ተነግሮት በየሳምንቱ ክሊኒክ የሚቀያይር ወንድም አለ። እኔ እንደማምነው ይህ ወንድም ከላቦራቶሪው የሚፈልገው ላቦራቶሪው የሌለውን ነገር ነው፤ ይቅርታን። «ቫይረሱ የለብህም» የሚለው ቃል «ተፈትተሃል» ማለት አይደለምና ልቡ አያርፍም። ንስሐ ገብቶም ፍርሃቱ ካልለቀቀው ግን ጭንቀቱ ራሱ ሕክምና የሚሻ ሕመም ሊሆን ይችላልና ለአእምሮ ጤና ባለሙያ ቢናገር ነውር የለበትም። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን እንድናከብር ያስተምረናል፤ ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስም ሐኪም ነበር።

ለዚህ መደባለቅ እኛ አገልጋዮችም ድርሻ አለን። ንጽሕናን ለማስተማር በሽታን እንደ ማስፈራሪያ ስንጠቀም፣ ነፃ የተባለው ወጣት ንስሐ የማያስፈልገው ይመስለዋል፤ ቫይረሱ የተገኘበት ደግሞ የተረገመ ይመስለዋል። ጌታችን ግን ስለ ዕውሩ ሰው «ማን ኃጢአት ሠራ?» ብለው ለጠየቁት ደቀ መዛሙርት ያንን አስተሳሰብ አልተቀበለላቸውም።

ውጤቱ ቫይረሱ እንዳለ ቢያሳይስ? መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የሚወስድና ቫይረሱ በደሙ ውስጥ በምርመራ እስከማይታይ የቀነሰለት ሰው በግንኙነት ለሌላ አያስተላልፍም። «ጸበል ካለ መድኃኒት ለምን?» የሚሉ አሉ። ቅዱስ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ምእመናን ሁለቱንም አብረው እንዲጠቀሙ በይፋ አስተምረዋል።

ወንድሜ ሆይ፣ ለምርመራው 3 ወር መጠበቅ ሊኖርብህ ይችላል፤ ለንስሐ ግን ውጤት አይጠበቅም። የንስሐ አባትህን በዚህ ሳምንት አግኛቸው። ስለ ማሳከኩ ብዙ ማውራት አይጠበቅብህም፤ የሆነውን ብቻ ንገራቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።