ለመሐንዲሱ የሰው ትምህርት ትርፍ ነውን?

«ድልድይ በቅኔ አይሠራም፤ የምሕንድስና ተማሪን በታሪክና በፍልስፍና አታዘናጉት» የሚሉ ወገኖች አሉ። በእርግጥ ድልድይ በቅኔ አይሠራም። ነገር ግን ድልድዩ የት ይሠራ፥ ማንን ይጥቀም፥ የማንን ቤትና የማንን መቃብር ያስነሣ የሚለውን ጥያቄ የሒሳብ ቀመር ብቻውን ሊፈታው አይችልም።

ጥር 20 ቀን 1978 ዓ.ም. ቻሌንጀር የተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር በተነሣች በ73 ሴኮንድ ውስጥ ፈርሳ ሰባት ጠፈርተኞች አልቀዋል። በዋዜማው ሌሊት የሮኬቱ ሠሪ ኩባንያ መሐንዲሶች ብርዱ የመጋጠሚያውን የጎማ ቀለበት እንደሚያደክመው ገልጸው፥ ጉዞው እንዲዘገይ ለምነው ነበር። አለቆቻቸው ግን አልተቀበሏቸውም። እንግዲህ የጎደለው ሒሳብ ሳይሆን የሰውን ነፍስ ከጊዜ ሰሌዳ የሚያስቀድም ፍርድ መሆኑን ልብ ይሏል።

ወደ አገራችን ስንመለስም፥ የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ከዝናብ ለመከላከል በ2000 ዓ.ም. ግድም ታላላቅ የብረት መጠለያዎች ተተከሉ። በ2011 ዓ.ም. ግን የከተማው ሕዝብ ክብደታቸው ቅርሱን እንዳይጎዳው ሠግቶ፥ አደባባይ ወጥቶ ይነሡልን አለ። ሕዝቡ እዚያ የሚያየው ቅዳሴ የሚቀደስበትን ቤት እንጂ የድንጋይ ሥራ ብቻ አይደለም። ይህን አስቀድሞ ለመረዳት ታሪክን ማወቅና ምእመኑን ቀርቦ ማድመጥ ያስፈልጋል።

በ2000ዎቹ ዓመታት ከመቶ ተማሪ ሰባው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲገባ በተወሰነ ጊዜ፥ ብዙዎች የቀረውን ትምህርት የትርፍ ሰዎች ዕጣ አድርገው ቈጠሩት። በ2012 ዓ.ም. ቀርቶ የነበረው የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት ሲመለስ፥ የወደፊቱ መሐንዲስም ሎጂክን፥ ጂኦግራፊንና ማኅበራዊ አንትሮፖሎጂን እንዲማር ተደረገ። መልካም ነው። ዳሩ ግን ተማሪው ለውጤት ሸምድዶ ከፈተና በኋላ የሚረሳው፥ መምህሩም ከሞጁል አንብቦ የሚወጣው ከሆነ፥ የተመለሰው ስሙ እንጂ ትምህርቱ አይደለም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው። የሎጂክ መምህር የግድብንና የመንገድን ክርክር ወደ ክፍል ያምጣ። የምሕንድስና መምህርም ተማሪው ሥራው የሚነካቸውን ሰዎች አነጋግሮ፥ የሰማውን በጠራ ቋንቋ ጽፎ እንዲያቀርብ ያስገድድ፤ ማርክም ይስጥበት። እኛ በመሥሪያ ቤት ወረቀት ስናገላብጥ የምንውል ሰዎች፥ ቍጥሩ የሞላ ሐሳቡ ግን የማይጨበጥ ሪፖርት ምን ያህል ሥራ እንደሚያጓትት እናውቃለን።

ነገርን ከሥሩ፥ ውሃን ከጥሩ ይባላል። የምሕንድስናም ሥሩ የሰው ችግር ነው፤ ሰውን ሳያውቅ ለሰው የሚሠራ ባለሙያ፥ ልኩን ሳይወስድ ልብስ የሚሰፋ ሰው ነው። የትምህርት ኃላፊዎች ይህን ያስቡበት ዘንድ በአክብሮት እናሳስባለን።