ለአረፋ ወደ ከሚሴ ሲገቡ ሻንጣዎ ውስጥ ለጤናዎ ምን ይዘዋል?

አንድ አውሮፓዊ ለሁለት ሳምንት ዕረፍት ወደ ቆጵሮስ ወይም ወደ ማልታ ደሴት ለመሄድ ሲያስብ ዝግጅቱን የሚጀምረው ከወራት በፊት ነው። የአየሩን ጠባይ ይጠይቃል፣ ሐኪሙን ያማክራል፣ የሚወስደውን መድኃኒት ለቀናቱ በልኩ ቆጥሮ ይይዛል፣ የጉዞ ጤና መድን ይገባል። ከእኛ ሀገር ተነስቶ ወደ ማልታ የሚሄድ ሰው ደግሞ ቢፈልግም ባይፈልግም ይዘጋጃል። የሸንገን ቪዛ ለማግኘት ቢያንስ 30 ሺህ ዩሮ የሚሸፍን የጤና መድን ማቅረብ ግዴታ ነውና።

አሁን ደግሞ የእኛን የዕረፍት ጉዞ እንመልከት። የእኛ ሰው ዕረፍት ሲያገኝ በአብዛኛው የሚሄደው ወደ ባሕር ዳርቻ ሳይሆን ወደ ተወለደበት ቀዬ ነው። አረፋ ሲቃረብ ከአዲስ አበባም ሆነ ከባሕር ማዶ ወደ ከሚሴ፣ ወደ ባቲ፣ ወደ ሰንበቴና በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ወዳሉ የገጠር ቀበሌዎች የሚገባው ብዙ ነው። ሻንጣው ሲከፈት ለእናት ልብስ፣ ለአባት ሰዓት፣ ለሕፃናት ጫማ፣ ለጎረቤት ቴምርና ሽቶ ይወጣል። ለተጓዡ ጤና ተብሎ የተያዘ ነገር ግን እምብዛም አይገኝም። ለምን ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ የታወቀ ነው፤ «ሀገሬ እኮ ነው፤ እዚሁ አይደል እንዴ ያደግሁት? ምን እሆናለሁ?»

በእኔ እምነት ከሁሉም የሚያሰጋው ይኸው መልስ ነው። ወደ ማያውቀው ሀገር የሚሄድ ሰው እንግዳ መሆኑን ስለሚያውቅ ይጠነቀቃል። ከዓመታት በኋላ ወደ ቀዬው የሚመለስ ሰው ግን ልቡ የሀገሩ ልጅ ቢሆንም ሰውነቱ ለአካባቢው በሽታ እንግዳ ሆኗል። ስለዚህ ወደ ከሚሴ የሚደረግ የዕረፍት ጉዞ ወደ ሜዲትራኒያን ደሴት ከሚደረገው ያላነሰ፣ እንዲያውም የበለጠ የጤና ዝግጅት ይፈልጋል። ይህን ለማስረዳት የእነዚያው ደሴቶች ታሪክ ራሱ ይረዳናል። ቆጵሮስ፣ ማልታና ኮርሲካ ዛሬ የሽርሽር ቦታዎች ናቸው፤ ሦስቱም ግን በእኛ አካባቢ አሁንም ካሉ ሦስት በሽታዎች ጋር ታግለዋል።

ከቆጵሮስ እንጀምር። ደሴቲቱ እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት ድረስ ወባ ክፉኛ ያጠቃት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1946 መህመት አዚዝ በተባሉ የጤና ባለሙያ መሪነት ዘመቻ ተጀመረ። ደሴቲቱ በትናንሽ ክፍሎች ተሸንሽና ሠራተኞች እያንዳንዱን ኩሬ፣ ጉድጓድና ረግረግ እየዞሩ በዲዲቲ ረጩ። ዘመቻው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ወባን ከደሴቲቱ አጠፋ። ዛሬ ወደዚያ የሚሄድ አገር ጎብኚ ስለ ወባ አያስብም።

ወደ ከሚሴ የሚመጣ ሰው ግን ሊያስብ ይገባል። ከተማዋ ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1 ሺህ 400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። የቦርከና ወንዝና የጨፋ ረግረግ አጠገቧ ናቸው። ከፍታው፣ ሙቀቱና ውኃው ለወባ ትንኝ የተመቹ ናቸው። በሀገራችን ወባ በብዛት የሚታየው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሲሆን፣ የበልግ ዝናብን ተከትሎም በሚያዝያና በግንቦት ይነሳል። አረፋ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ፊት ስለሚመጣ በ33 ዓመት ውስጥ ሁሉንም ወቅቶች ያዳርሳል። ስለዚህ ጉዞ ሲታቀድ መጀመሪያ የሚጠየቀው «በዓሉ ዘንድሮ በየትኛው ወቅት ላይ ዋለ?» የሚለው ነው። በዓሉ ይዘዋወራል፤ ወባ ግን ወሯን አትስትም።

«እዚሁ ነው ያደግሁት» የሚለው መከራከሪያ የሚፈርሰውም እዚህ ላይ ነው። በወባማ አካባቢ የሚኖር ሰው በተደጋጋሚ ሲያዝ ሰውነቱ ከፊል የመቋቋም አቅም ያዳብራል። ይህ አቅም ግን ከአካባቢው ሲርቁ ይቀንሳል። ዓመታትን በአዲስ አበባ ወይም በውጭ ሀገር ያሳለፈ ሰው አብሮ አደጉን ለሦስት ቀን ብቻ የሚያስተኛው ወባ እሱን ለሞት ሊያሰጋው ይችላል። ውጭ የተወለዱ ልጆች ደግሞ ምንም መከላከያ የላቸውም። እ.ኤ.አ. በ1958 በሀገራችን የተነሳው የወባ ወረርሽኝ 150 ሺህ ያህል ሰው እንደገደለ የሚገመተው በአብዛኛው በሽታውን ያልለመዱ የከፍተኛ ቦታ ነዋሪዎችን ስላገኘ ነው። ነገሩ የድሮ ታሪክ ብቻም አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ባለው ጊዜ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7 ነጥብ 3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1 ሺህ 157 ሞት ተመዝግቧል።

ከዚህ ላይ አዲስ ነገር ተጨምሯል። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው፣ በሀገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ2016 የታየችው የወባ ትንኝ በዞኑ ባቲ ከተማም መገኘቷ በጥናት ተመዝግቧል። ይህች ትንኝ ረግረግ አትጠብቅም፤ ከተማ ውስጥ ለመጠባበቂያ በተቀመጠ በርሜልና በሮቶ ውኃ ትራባለች። ስለዚህ «እኔ የማድረው ከተማ ነው፣ ጨፋ አልወርድም» ማለት ዋስትና አይሆንም።

ዝግጅቱ ከባድ አይደለም። ከጉዞው ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት አስቀድመው የጤና ባለሙያ ያማክሩ። የወባ መከላከያ ክኒን ለእርስዎ ይስማማ እንደሆነ የሚወስነው ባለሙያው ነው። ለምሳሌ ዶክሲሳይክሊን የሚጀመረው ከጉዞው አንድ ወይም ሁለት ቀን አስቀድሞ ሲሆን፣ ከተመለሱም በኋላ ለአራት ሳምንት ይቀጥላል፤ ለነፍሰ ጡርና ከስምንት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ግን አይሰጥም። በኬሚካል የተነከረ አጎበር ይያዙ። እንግዳ ሲበዛ የቤቱ አጎበር እንደማይበቃ የታወቀ ነው፤ የራስዎን ይዘው ቢመጡ ለአስተናጋጆችዎም ዕፎይታ ነው። ሲመሽ እጅና እግር የሚሸፍን ልብስ ይልበሱ። ነፍሰ ጡር እናት ጉዞዋን ከወባ ወቅት ውጪ ብታደርገው ይመረጣል።

ሁለተኛው ታሪክ የማልታ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በማልታ የሰፈሩ የእንግሊዝ ወታደሮች እየመጣ በሚሄድ ትኩሳት፣ በላብና በመገጣጠሚያ ሕመም ይሰቃዩ ነበር። ዴቪድ ብሩስ የተባለ የጦር ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1887 የበሽታውን ተህዋስ አገኘ። ከየት እንደሚመጣ ግን እስከ 1905 ድረስ አልታወቀም። በዚያ ዓመት ማልታዊው ቴሚስቶክሊስ ዛሚት ምንጩ ያልፈላ የፍየል ወተት መሆኑን ደረሰበት። ፍየሎቹ ጤነኛ ይመስሉ ስለነበር ማንም አልጠረጠራቸውም። በቀጣዩ ዓመት ወታደሮቹ ጥሬ ወተት እንዳይጠጡ ሲከለከሉ በሽታው በእጅጉ ቀነሰ። የማልታ ትኩሳት የሚባለው ይህ በሽታ ብሩሴሎሲስ ነው።

የጨፋ ሜዳ በበጋ የኦሮሞና የአፋር አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን፣ ፍየሎቻቸውንና ግመሎቻቸውን ይዘው የሚሰባሰቡበት የግጦሽ ቦታ ነው። ለእንግዳ የሚቀርበው የክብር መጠጥ ወተት ነው፤ ከብቷ ገና ታልባ አረፋው ሳይበርድ ሲቀርብ ደግሞ ክብሩ ይጨምራል። «አባቶቻችን ጠጥተውት ምን ሆኑ?» የሚል ይኖራል። የሆኑትን ስሙን አናውቀውም ነበር እንጂ ሆነዋል። ወገቡን የሚያመው፣ ማታ ማታ የሚያልበው፣ ትኩሳቱ ሄደ ሲሉት የሚመለስበት ሰው በየቀዬው ነበር። ዛሬም ቢሆን ይህ በሽታ «ታይፎይድ ነው» ወይም «ወባ ነው» እየተባለ ይታለፋል። ሕክምናው ግን የተለየ ነው፤ ሁለት ዓይነት ፀረ ተህዋስ መድኃኒት ለስድስት ሳምንት ያህል መውሰድን ይጠይቃል።

ችግሩ የዕውቀት ብቻ ሳይሆን የይሉኝታም መሆኑ አይካድም። አያት በእጃቸው ያቀረቡትን ወተት መመለስ ነውር ነው። መመለስ ግን አያስፈልግም። «እማማ፣ እጅዎ ይባረክ፤ ሐኪም አፍልተህ ጠጣ ብሎኛልና ትንሽ ያፍሉልኝ» ማለት ማንንም አያስቀይምም። በሻይ ውስጥ የፈላ ወተትም ያው ወተት ነው። ለአረፋ የታረደውን ጉበትና ሥጋም አብስሎ መብላት ከዚሁ ጥንቃቄ ይቆጠራል።

ሦስተኛው ታሪክ የኮርሲካ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በጋ በደሴቲቱ ካቩ በተባለች ንጹሕ መሳይ ወንዝ የዋኙ የዕረፍት ተጓዦች በቢልሃርዚያ ተያዙ። በሽታው የታወቀው በቀጣዩ ዓመት ሲሆን፣ በምርመራ የተገኙት ሕሙማን ከመቶ በላይ ነበሩ። አውሮፓውያኑ የደነገጡት «ይህ በሽታ የአፍሪካ ነው» ብለው ስላሰቡ ነበር።

በቦርከና ሸለቆ በከሚሴና በሐርቡ አካባቢ ቢልሃርዚያ መኖሩ ከታወቀ ቆይቷል። ወንዝ ወርዶ መዋኘት የልጅነት ትዝታ ነው፤ ከውጭ የመጡ ልጆችም የአጎትና የአክስት ልጆቻቸውን ተከትለው መውረዳቸው አይቀርም። የበሽታው ትል ከቀንድ አውጣ ወጥቶ በውኃው ውስጥ ይዋኛል፤ በደቂቃዎች ውስጥም በቆዳ ዘልቆ ይገባል። በሽታውን ያልለመደ ሰው ከሳምንታት በኋላ በትኩሳት፣ በሳልና በሆድ ሕመም ሊወድቅ ይችላል። ለልጆች «ወንዝ አትግቡ» ማለት ብቻ አይበቃም፤ ምክንያቱን ማስረዳት ያስፈልጋል። የገባ ካለ ሳይጨነቅ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ባለው ጊዜ ይመርመር። ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ይፈውሰዋል፤ ነገር ግን የሚሠራው ባደገው ትል ላይ ስለሆነ ወዲያው ከመዋጥ ተመርምሮ መውሰዱ ይጠቅማል።

ከእነዚህ ሌላ የስኳርና የደም ግፊት ሕሙማን የራሳቸው ዝግጅት አላቸው። የሚቆዩበትን ቀን ቆጥረው፣ መመለሱ ቢዘገይ ብለው የአንድ ሳምንት ትርፍ መድኃኒት ይያዙ፤ የመድኃኒቱ ስም የተጻፈበት ወረቀትም አብሮ ይያዝ። ኢንሱሊን ሙቀት ያበላሸዋል። ማቀዝቀዣ በሌለበት ወይም መብራት በሚጠፋበት ቤት በእርጥብ ጨርቅ በተጠቀለለ የሸክላ ዕቃ ውስጥ ጥላ ላይ ማስቀመጥ ይረዳል። ግፊት ለመቀነስ ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት የሚወስዱ ደግሞ ከደጋ ወርደው ሙቀት ሲያገኛቸው ምን ያህል ውኃ መጠጣት እንዳለባቸው ሐኪማቸውን አስቀድመው ይጠይቁ።

ከሁሉም በላይ ግን ጉዞው የሚያልቀው ቤት ሲደርሱ አይደለም። ከተመለሱ በኋላ በሳምንታትም ሆነ በወራት ውስጥ ትኩሳት ቢይዝዎ ለሐኪምዎ መጀመሪያ የሚነግሩት «ከሚሴ ነበርኩ» የሚለውን ነው። በአዲስ አበባም ሆነ በውጭ ሀገር ያለ ሐኪም ካልነገሩት ጉንፋን ነው ብሎ ሊሸኝዎት ይችላል። ቫይቫክስ የተባለው የወባ ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላም ይነሳል። ያልተነገረች አንዲት ዓረፍተ ነገር ሕይወት ልታስከፍል ትችላለች።

ኃላፊነቱ የተጓዡ ብቻ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. «ከዒድ እስከ ዒድ» በሚል ወገኖቻችን ወደ ሀገር ቤት እንዲገቡ ጥሪ ተደርጎ ነበር። እንዲህ ያለ ጥሪ ወደፊት ሲደረግ አንድ ገጽ የጤና ምክር አብሮት ቢሄድ ወጪው ትንሽ፣ ጥቅሙ ብዙ ነው። የዞኑና የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶች በበዓል ዋዜማ በመስጊዶችና በመናኸሪያዎች ቢያስተምሩ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች እንግዳ ያለበትን ቤት አጎበርና የውኃ በርሜል ክዳን ቢጠይቁ ከሕክምና ይልቅ ይቀላል። ይህ ለእንግዳው ብቻ የሚደረግ እንዳይመስለን። ለእንግዳው የፈላው ወተት፣ የተከደነው በርሜልና የተሰቀለው አጎበር እንግዳው ከሄደ በኋላም ለቤቱ ልጆች ይቀራል።

እንዲህ ያለው ጥንቃቄ ሰውን ከሀገሩ ያርቃል የሚሉ አሉ። ሰውን ከሀገሩ የሚያርቀው ግን በበዓል የመጣ ልጅ ታሞ መመለሱ ነው። ቆጵሮስና ማልታ ተጓዥ የሚወዳቸው በሽታቸውን ስለደበቁ አይደለም፤ ስሙን ጠርተው ስለታገሉት ነው። እኛም ስሙን እንጥራ፤ የሻንጣውንም አንድ ጥግ ለጤናችን እንተው።