ስለ ስንጥቁ የማይጠይቅ ቀለም ቀቢ

በዳላስና በዙሪያዋ ቤት ለመግዛት የሚዞር ሰው፣ በሩን ከፍቶ ሲገባ መጀመሪያ የሚቀበለው የአዲስ ቀለም ሽታ ነው። ግድግዳው ነጭ፣ ኮርኒሱ ነጭ፣ የበሩ መቃን ገና እጅ ያላረፈበት። ገዢው ደስ ይለዋል፤ ደላላውም ደስታውን አይቶ ዝም ይላል። ረጋ ብሎ ለሚያይ ግን ከበሩ የላይኛው ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ ወደ ኮርኒሱ የሚወጣ፣ ፀጉር የሚያክል መስመር በስቱኮው ሥር አለ። ያ መስመር ባለፈው ነሐሴ ምን ያህል ሰፍቶ እንደነበር ቀለሙ አይናገርም። ቀቢው የተጠራውም ብዙ ጊዜ እንዳይናገር ነው።

በሰሜን ቴክሳስ ቀለም ቀቢ በዋጋው ርካሽነት ወይም ባሳየው የቀለም ካታሎግ መቀጠር የለበትም። የሚቀጠረው ቤቱን ሲዞር በሚጠይቀው ጥያቄ ነው። «ይህ ስንጥቅ መቼ ወጣ? በክረምት ይጠብባል? መሠረቱን ያየው ሰው አለ?» የማይል ቀቢ ዋጋው ግማሽ ቢሆንም ውድ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከአፈሩ ነው። ከቀይ ወንዝ አቅራቢያ ተነሥቶ በዳላስ፣ በዌኮና በኦስቲን በኩል እስከ ሳን አንቶኒዮ የሚዘረጋው ጥቁር መሬት «ሂውስተን ብላክ» የሚባል አፈር የሚገኝበት ነው። ቴክሳስን የሚወክለው አፈርም እሱ ነው። የሸዋና የጎጃም ሰው ስሙን ባያውቀውም አፈሩን ሲያይ አይስተውም፤ ዋልካ ነው። በክረምት በሬ የሚያሰምጥ፣ በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣው ያው የአገር ቤቱ መረሬ። የአፈር ባለሙያዎች ሁለቱንም ቨርቲሶል በሚል አንድ ስም ይጠሯቸዋል፤ በኢትዮጵያ ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ይሸፍናል። ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በላዩ የተቀመጠውን ሁሉ ይዞ ይነሣል፣ ይዞ ይወርዳል።

አዲስ አበባ ላይ ጥንቁቅ የሆነ ግንበኛ ይህን አፈር ሲያገኝ ቆፍሮ ያወጣውና በሰሌክት ማቴሪያል፣ ማለትም በማያብጥ ሙሌት፣ ይተካዋል። በዳላስ የተለመደው መንገድ ሌላ ነው። አዳዲሶቹ ቤቶች በአብዛኛው የተሠሩት ዋልካው ላይ በተዘረጋ የኮንክሪት ወለል ነው፤ ኮንክሪቱ በውስጡ ባለፉ የብረት ገመዶች ተወጥሮ እንደ አንድ ሳህን እንዲንቀሳቀስ ታስቧል። አሳቡ መጥፎ አይደለም። ግን በበጋ ከቤቱ ዳር ያለው አፈር ደርቆ ሲሸሽ መሐል ያለው እርጥብ እንደሆነ ይቆያል፤ ማዕዘኖቹ ይወርዳሉ፣ መሐሉ ጉብ ይላል። የውጩ ጡብ በሲሚንቶ መጋጠሚያው እየተከተለ ደረጃ በደረጃ ይሰነጠቃል። የመኝታ ቤቱ በር አልዘጋ ይላል። ነዋሪዎች በሐምሌና በነሐሴ በቤቱ ዙሪያ የሚያንጠባጥብ ላስቲክ ቱቦ ዘርግተው መሠረቱን ውሃ የሚያጠጡት ለዚህ ነው። ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ ሰው መጀመሪያ ሲያይ ይስቃል። ሣር እንጂ ቤት ውሃ ሲጠጣ አይቶ አያውቅም።

እንግዲህ ቀቢው የሚሠራው በሚተነፍስ ቤት ላይ ነው። ስንጥቁን በነሐሴ፣ እጅግ በሰፋበት ጊዜ በደረቅ ስቱኮ ከሞላው፣ ዝናቡ መጥቶ አፈሩ ሲያብጥ ስንጥቁ ይጠብና መሙያውን እንደ ጥርስ ሳሙና ወደ ውጭ ይገፋዋል። በግንቦት ዝናብ፣ ስንጥቁ በተዘጋበት ጊዜ ከደፈነው ደግሞ በነሐሴ ይቀደዳል። ሙያውን የሚያውቅ ቀቢ መሐል ላይ ያለውን ወቅት ይመርጣል፤ በጡብና በእንጨት መጋጠሚያ ላይ ደግሞ የሚሳብና የሚመለስ መድፈኛ ይጠቀማል እንጂ የውስጥ ግድግዳ ስቱኮ አይለጥፍም። ይህን ለመለየት ምሕንድስና መማር አያስፈልግም። «እዚህ መጋጠሚያ ላይ የምታስገባው ነገር ስሙ ማነው? ምን ያህል ይሳባል?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። መልሱ «አታስብ፣ እናሳምረዋለን» ከሆነ ሌላ ቀቢ መፈለግ ነው።

ስንጥቅ ሁሉ ግን የቀቢ ሥራ አይደለም። ፀጉር የሚያክለው በየቤቱ አለ። ስፋቱ 6 ሚሊ ሜትር ያለፈ፣ ወይም አንዱ ጎኑ ከሌላው ፊት የወጣ፣ ወይም በየዓመቱ የሚረዝም ስንጥቅ ግን መሐንዲስ ይፈልጋል። በእርሳስ የስንጥቁን ጫፍ ምልክት አድርጎ ቀኑን አጠገቡ መጻፍ ምንም አያስወጣም፤ ከጥቂት ወራት በኋላ መስመሩ ምልክቱን አልፎ እንደሆነ ማየት ነው። በስንጥቁ ውስጥ የቆየ ቀለም ከታየም ቤቱ ቀድሞ ተሰንጥቆ፣ ተቀብቶ፣ እንደገና የተሰነጠቀ መሆኑ ይታወቃል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መታለፍ የለበትም። «የመሠረት ነፃ ምርመራ» ብሎ የሚመጣው ድርጅት ሥራው መሠረት መጠገን ነው፤ ያለ ጥገና ገቢ የለውም። ፈቃድ ያለው፣ ጥገና የማይሸጥ መሐንዲስ ገንዘብ ተከፍሎት ሪፖርት ቢጽፍ ይሻላል። ጥገና ካስፈለገም ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው፤ መጀመሪያ መሠረቱ ይነሣል፣ ቀጥሎ ከወለሉ በታች ያለው የፍሳሽ ቧንቧ በመነሣቱ ተሰብሮ እንደሆነ ይፈተሻል፣ ቤቱ ቢያንስ አንድ ወቅት ይረጋል፣ ከዚያ ቀቢ ይጠራል። ቤት በጃክ ሲነሣ አዲስ ስንጥቅ ማውጣቱ የታወቀ ነው። ቀለሙን አስቀድሞ ያስቀባ ሰው ሁለት ጊዜ ይከፍላል።

ሻጭ የሆነ ሰውም ይህን ቢሰማ ጥሩ ነው። በቴክሳስ ሕግ የመኖሪያ ቤት ሻጭ የሚያውቀውን የመሠረት ጉድለት ለገዢው በጽሑፍ ማሳወቅ አለበት። ስንጥቁን ቀብቶ ፎርሙ ላይ «ጉድለት የለም» ብሎ የሚፈርም ባለቤት ቤቱን አሳመረ አይባልም፤ ለክስ የሚሆን ማስረጃ በገዛ እጁ አዘጋጀ እንጂ።

ከአፈሩ ቀጥሎ ፀሐዩ አለ። በእ.ኤ.አ. 1980 የዳላስና የፎርት ወርዝ የየቀኑ ከፍተኛ ሙቀት ለ42 ተከታታይ ቀናት ከ100 ፋራናይት በታች አልወረደም፤ በሰኔ መጨረሻ 113 ፋራናይት፣ ማለትም 45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሶ ነበር። በ2011 ደግሞ 100 እና ከዚያ በላይ የተመዘገበባቸው ቀናት 71 ሆኑ። ይህ የአየሩ ሙቀት ነው። በምዕራብ በኩል ያለ ጡብ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እጅ አያስነካም።

ብዙ የውጭ ቀለም ቆርቆሮዎች ላይ ከ90 ፋራናይት፣ ከ32 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በላይ እንዳይቀቡ ተጽፏል። ምክንያቱም ቀላል ነው፤ ውሃው ቀለሙ ከግድግዳው ጋር ሳይያያዝ ይተናል። ሮለሩ ሁለተኛ ጊዜ ሲመለስ የመጀመሪያው ጉዞ ደርቆ ይጠብቀዋልና የተደራረበበት ቦታ ሁሉ መስመር ይዞ ይቀራል። አንዳንዱ ወዲያው ይነፋል። ሌላው ደህና መስሎ ከርሞ በሚቀጥለው ዓመት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሣል። ስለዚህ ጥሩ ቀቢ በቤቱ ዙሪያ ጥላን እየተከተለ ይሠራል፤ ጠዋት በምዕራብ፣ ከሰዓት በኋላ በምሥራቅ። በነሐሴ ስምንት ሰዓት ላይ በደቡብ ግድግዳ መሰላል ያቆመ ቡድን ካለ ወይ አያውቅም፣ ወይ ማታ ሌላ ቤት ይጠብቀዋል።

ከቀለሙ ዓይነት ይልቅ ብዛቱን መጠየቅ ይጠቅማል። አንድ ጋሎን ጥሩ የውጭ ቀለም ለስላሳ ወለል ላይ አንድ እጅ ሲቀባ ከ350 እስከ 400 ካሬ ጫማ ይሸፍናል። 2,000 ካሬ ጫማ የውጭ ግድግዳ ሁለት እጅ ለመቀባት ከ10 እስከ 12 ጋሎን ይሄዳል ማለት ነው፤ ሸካራ ጡብ ከሆነ ከዚያም ይበልጣል። ስድስት ጋሎን ይዞ የመጣ ሰው ሁለት እጅ እቀባለሁ ቢል፣ ወይ ውሃ ይጨምራል ወይ አንድ እጅ ይቀባል። ባዶ ቆርቆሮዎቹ ሥራው እስኪያልቅ በግቢው እንዲቆዩ መጠየቅ ነውር የለውም። ጡቡ ራሱ እንዲቀባ የሚፈልግ ሰውም ይጠንቀቅ። በጡቡ ግርጌ የተተዉት ትንንሽ ክፍተቶች ውሃና አየር እንዲወጣባቸው የተተዉ ናቸው። ቀቢው ስንጥቅ መስለውት ከደፈናቸው ከጡቡ ጀርባ ያለው እርጥበት መውጫ ያጣል።

ታዲያ ይህን ሁሉ የሚቆጣጠር ማነው? በቴክሳስ ማንም። ኤሌክትሪሻን ፈቃድ አለው፣ የቧንቧ ሠራተኛ ፈቃድ አለው፣ የኤሲ ባለሙያ ፈቃድ አለው። ቀለም ቀቢ ግን ከክፍለ ሀገሩ ምንም ፈቃድ አይጠየቅም፤ ቤት የሚሠራው ሥራ ተቋራጭም እንዲሁ። የቤት ግንባታን የሚመለከት አንድ ኮሚሽን በ2003 ተቋቁሞ ነበር፤ በ2009 የሕግ አውጪዎቹ ሳያድሱት ቀርተው በቀጣዩ ዓመት ተዘጋ። ፈቃድ የሚመስል ነገር ያለው በአንድ ጉዳይ ብቻ ነው። ከ1978 በፊት የተሠራ ቤት የእርሳስ (ሊድ) ቀለም ሊኖረው ስለሚችል፣ ያንን ቀለም የሚፍቅና በብርጭቆ ወረቀት የሚሞርድ ተከፋይ ድርጅት ከጥቃቅን ሥራ በስተቀር የፌዴራል የእርሳስ ጥንቃቄ ምስክር ወረቀት ሊኖረው ይገባል። ደንቡ ከ2010 ጀምሮ ይሠራል። አሮጌ ቤት ውስጥ ሕፃናት ያሉት ቤተሰብ ይህን ወረቀት ሳያይ መፋቂያ እንዲነሣ መፍቀድ የለበትም።

መንግሥት በሌለበት ቦታ ውል ይቀመጣል። ችግሩ ሐበሻ ዘንድ ያለው ልማድ ነው። በዳላስ አጠገብ ጋርላንድ ወይም ሪቻርድሰን የሚኖር ሰው ቀቢ ሲፈልግ ቤተ ክርስቲያን ይጠይቃል፣ ዕቁብ ላይ ይጠይቃል፣ «ያገር ልጅ አለ» ይባላል፣ ስልክ ይደወላል። እስከዚህ መልካም ነው፤ ሥራውን በዓይን ያዩ ሰዎች ምስክርነት ከማስታወቂያ ይበልጣል። ከዚያ በኋላ ግን ውል ማጻፍ እንደ አለማመን ይቆጠራል። «እኛ እኮ ወንድማማች ነን» ተብሎ ግማሽ ገንዘብ በቀብድ ይሰጣል፤ ሲጣሉ ወንድምነቱም ገንዘቡም አይገኝም። በአንድ ገጽ የትኛው ግድግዳ፣ ስንት እጅ፣ ምን ዓይነት ቀለም፣ ስንጥቁ በምን እንደሚደፈን፣ የሚጀምርበትና የሚከፈልበት ቀን ቢጻፍ ቀቢውንም ይጠብቀዋል፤ ባለቤቶችም በመሐል «ጋራዡንም ጨምርልኝ» ማለት ይወዳሉና። በር አንኳኩቶ ከመጣ ሻጭ ጋር ቤት ውስጥ የተፈረመ ውል በፌዴራል ደንብ በሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ ሊሰረዝ እንደሚችልም ማወቅ ይበጃል። ነገሩ ከተበላሸ የቴክሳስ የሰላም ዳኞች ፍርድ ቤት እስከ 20,000 ዶላር የሚደርስ ክርክር ይቀበላል፤ ጠበቃም ግድ አይደለም።

ሌላም ጥያቄ አለ፤ ብዙ ሰው የማይጠይቀው። ዋጋ ሊነግር የመጣው ሰውዬ ራሱ ነው ወይ የሚቀባው? ብዙ ጊዜ አይደለም። ሥራው ለሌላ ይሰጣል፣ እሱም ለሌላ፤ ግድግዳው ላይ የሚቆሙት አብዛኛውን ጊዜ ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጡ ሰዎች ናቸው። ቴክሳስ የግል አሠሪዎች ለሠራተኞቻቸው የጉዳት መድን እንዲገቡ የማታስገድድ ክፍለ ሀገር ናት። ከመሰላል የወደቀው ሰው ማን እንደሚያሳክመው መጠየቅ የባለቤቱ ጉዳይ ነው፤ አደጋው የደረሰው በእሱ ግቢ ነውና። የዳላስ ከተማ በ2015 ለግንባታ ሠራተኞች በየአራት ሰዓቱ የ10 ደቂቃ ዕረፍት የሚያዝ ደንብ አውጥታ ነበር፤ ክፍለ ሀገሩ በ2023 ያወጣው ሕግ እንዲህ ያሉ የከተማ ደንቦችን ለመሻር የታለመ ነው። አሥር ደቂቃና ውሃ በሕግ ባይታዘዝም ባለቤቱ በውሉ ላይ ሊጽፈው ይችላል። ለሠራተኛው የሚስማማው ሰዓት ለቀለሙም ይስማማዋል፤ በንጋት ጀምሮ ፀሐዩ ሳይበረታ ማቆም።

በዚህ ዓመት ቤቱን ሊያስቀባ ያሰበ የዳላስ ነዋሪ እንግዲህ በነሐሴ አይቸኩል። በሐምሌ ስንጥቆቹን ምልክት ያድርግ፣ የሚያሠጉ ካሉ መሐንዲስ ያሳይ፣ ቀቢዎቹን እየጠራ ያነጋግር። ሥራው ግን ከመስቀል በኋላ ይጀመር። ያኔ ፀሐዩ በርዷል፣ ስንጥቁም ከበጋው ስፋት መጥበብ ይጀምራል፤ እስከ ኅዳር አጋማሽ ድረስም ለውጭ ቀለም የሚመች አየር ይገኛል።