አቧራ ሲነሣ መብራት ይጥፋ

ስለ መንገድ ደኅንነት የሚጻፍ ማስታወቂያ ብዙ ጊዜ «በጥንቃቄ ይንዱ» ብሎ ይጀምርና በዚያው ያበቃል። ቃሉ መልካም ነው፤ የሚቃወመውም የለም። ነገር ግን መሪ የጨበጠ ሰው በድንገት ከፊቱ ያለው መንገድ ሲጠፋበት እጁና እግሩ ምን ይሥሩ? ለዚህ መልስ የማይሰጥ ማስታወቂያ ቀለም ከማባከን በቀር ያተረፈው ነገር አለ ብለን አናምንም።

ይህን ያነሣነው በአሜሪካ በአሪዞና ግዛት፣ ፊኒክስንና ቱሳንን በሚያገናኘው አውራ ጎዳና ላይ የተደረገውን ተመልክተን ነው። በዚያ ምድረ በዳ፣ እኛ ክረምት በምንለው ወራት፣ ነጎድጓድ ያዘለ ደመና ቀዝቃዛ አየር ወደ ምድር ይለቃል። ነፋሱም መሬቱን መትቶ ወደ ጎን ይሮጥና ሣር ያልሸፈነውን አፈር እንደ ግድግዳ አቁሞ ይነዳዋል። ሱዳኖች ሀቡብ የሚሉት ይኸው ነው፤ አሜሪካኖችም ስሙን ከዐረብኛ ተውሰውታል። በጠራ ፀሐይ ሲነዳ የነበረው ሰው ሳያስበው ጨለማ ውስጥ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2013 በዚሁ ጎዳና፣ ፒካቾ በተባለው ሥፍራ አጠገብ፣ አቧራ ባስከተለው ግጭት 19 ተሽከርካሪዎች ተጋጭተው 3 ሰዎች ሞተዋል። በካሊፎርኒያም በ1991 እንዲሁ ባለ አደጋ በአንድ ቀን 17 ሰዎች አልቀዋል።

ሰውን የሚገድለው አቧራው ራሱ ሳይሆን ከኋላ የሚመጣው መኪና ነው። የአሪዞና የመንገድ መሥሪያ ቤት ከ2012 ጀምሮ ለነጂዎች የሚነግረው ይህንኑ ያገናዘበ ነው፦ ከአስፋልቱ ፈጽመህ ውጣ፤ መብራትህን ሁሉ አጥፋ፤ የእጅ ፍሬን ያዝ፤ እግርህን ከፍሬን ላይ አንሣ፤ ቀበቶህን ሳትፈታ አቧራው እስኪያልፍ ጠብቅ።

መብራት አጥፋ የሚለው አንባቢን ሳያስገርም አይቀርም። እኛንም አስገርሞን ነበር። በአገራችን መኪናው የተበላሸበት ነጂ ቅጠል ቆርጦ፣ ድንጋይ ደርድሮ ከኋላው ያስቀምጣል፤ ልማዱ ታዩኝ ማለት ነው፤ ደግም ልማድ ነው። በአቧራ ውስጥ ግን ነገሩ ይገለበጣል። መንገድ የጠፋበት ሰው ከፊቱ ቀይ መብራት ሲያይ የሚሄድ መኪና ይመስለዋል፤ መንገዱ በዚያ በኩል ነው ብሎ ይከተለዋል፤ ከቆመውም ጋር ይላተማል። እግር ከፍሬን ላይ ይነሣ የተባለውም ፍሬን ሲረገጥ የኋላ መብራት ስለሚበራ ነው።

በ2020 ደግሞ በዚሁ ጎዳና 16 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ክፍል ላይ አቧራን የሚለኩ መሣሪያዎችና ራዳር ተተክለዋል፤ ሰሌዳዎቹም የተፈቀደውን ፍጥነት በሰዓት ከ120 ኪሎ ሜትር ወደ 55 ያህል ዝቅ ያደርጋሉ። ሥራው የሚደነቅ ነው፤ ወጪውም እንዲሁ። እኛን ያስቀናን ግን ራዳሩ ሳይሆን ገንዘብ የማይጠይቀው ያ አጭር ትእዛዝ ነው።

ከአዋሽ በሚሌና በሰመራ አድርጎ ወደ ጋላፊ የሚወርደው መንገድ በደረቅ አገር ያልፋል። ከጂቡቲ ወደብ የሚመጣውን ዕቃ የጫኑ ካሚዮኖች ሌሊትና ቀን ይመላለሱበታል። ነፋስ አፈሩን ሲያነሣ ነጂው ምን እንዲያደርግ ይፈለጋል? ነገ ማስታወቂያ የማርቀቅ ሥራ የሚደርሳችሁ ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች፣ ረቂቁን ለአለቃ ከማቅረባችሁ በፊት ለአንድ የካሚዮን ነጂ አንብቡለት፤ ሲጨርስም «እንግዲህ ምን ታደርጋለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። «እጠነቀቃለሁ» ካላችሁ ረቂቁን ቀዳችሁ እንደገና ጻፉ።

የአሪዞናውን ቃል እንዳለ ተርጉሞ መለጠፍም አይበቃም። «ከአስፋልቱ ውጣ» የተባለ ነጂ የሚወጣበት ዳር ሊኖረው ይገባል፤ የአስፋልቱ ጠርዝ ወደ ገደል በሚወርድበት ሥፍራ ተሳቢ የጫነ ሰው ወዴት ይውጣ? ሰሌዳው መተከል ያለበት አቧራው ከሚበዛበት ቦታ ላይ ሳይሆን ቀደም ብሎ፣ ሁለት ሦስት ካሚዮን የሚያቆም ሜዳ ካለበት ዘንድ ነው፤ ሜዳ ከሌለም አስቀድሞ የሚጠራው ሰሌዳ ጻፊው ሳይሆን ግሬደሩ ነው።