አንድ ሞኒተር ለአራት ኮምፒዩተር እንጂ ለአራት ተማሪ አይደለም

በሳሊተ ምሕረት አካባቢ አንድ ሰርቪስ ቤት ተከራይተን የምንኖር ሦስት ተማሪዎች ነን። ሦስት ኮምፒዩተር አለን፤ ሞኒተር ግን ያለን አንድ ብቻ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ የተማሪን ኪስ አያውቅም። ሁላችንም በስሕተት ሲፒዩ እያልን የምንጠራውን ሣጥን ከሁለተኛ እጅ ዕቃ ለቃቅመን አገኘን፤ ወደ ሞኒተሩ ስንደርስ ግን ገንዘባችን አለቀ።

በመጀመሪያ ገመዱን ከአንዱ እየነቀልን በሌላው ስንሰካ ሰነበትን፤ በጫፉ ያሉት ቀጫጭን እግሮች እስኪጣመሙ ድረስ። ኋላ አዋጥተን ስዊች ገዛን። በአንድ ወገን ከየኮምፒዩተሩ የሚመጡት የሞኒተርና የዩኤስቢ ገመዶች ይገቡበታል፤ በሌላው ወገን አንድ ሞኒተር፣ አንድ ኪቦርድና አንድ ማውስ ይሰካበታል። ቁልፉን በተጫኑ ቁጥር ከአንዱ ወደ ሌላው ይዞራል። ያልታየውም ኮምፒዩተር አይተኛም፤ የሰጡትን ሥራ ይቀጥላል። ኪቦርድ፣ ቪዲዮና ማውስ ከሚሉት ቃላት የእንግሊዝኛ መነሻ ፊደላት ተወስዶ ኬቪኤም የሚባለው ይኸው ነው።

ይህን የጓዳችንን ነገር በዚህ ገጽ ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም። ባየናቸው የመለማመጃ ክፍሎች ሞኒተራቸው ተቃጥሎ ጥግ የተቆለሉ ኮምፒዩተሮች አሉ። በአንጻሩ በአንድ የሰርቨር ክፍል እያንዳንዱ ሰርቨር የየራሱ ሞኒተር ተተክሎለት አይተናል፤ ቀኑን ሙሉ የሚያየው ሰው ግን የለም። አራት ሰርቨር በአንድ ሞኒተር ቢታዘዝ ሦስት ሞኒተር ይተርፋል፤ ከተቆለሉትም ሦስቱ ይነሣሉ።

አንዳንድ መምህራኖቻችን «ሰርቨር በኔትወርክ ከሩቅ ይታዘዛል፤ ስዊቹስ ለምን አስፈለገ?» ይሉናል። አባባላቸው እውነት ነው። ነገር ግን የራሳቸው የርቀት መቆጣጠሪያ ካርድ ያላቸው ውድ ሰርቨሮች ካልሆኑ በቀር ማሽኑ አልነሣም ባለ ዕለት ኔትወርኩም አብሮት ይጠፋል፤ ያን ጊዜ ኪቦርድ ይዞ ከፊቱ መቀመጥ ግድ ነው። ማይክሮሶፍት በ2011 እ.ኤ.አ. ያወጣው ማውስ ዊዝአውት ቦርደርስም ኪቦርድና ማውስ ያካፍላል እንጂ ሞኒተር አያካፍልም።

የአማርኛውንም ጉዳይ ሳናነሣ አናልፍም። ስዊቹ የሚያስተላልፈው የትኛው ቁልፍ እንደ ተጫነ ብቻ ነው፤ «ሀ» የሚለውን ፊደል አያውቀውም። ፊደሉን የሚያወጣው በየኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለው ፕሮግራም ነውና በአንዱ ፓወር ግዕዝ፣ በሌላው ኪይማን ተጭኖ ሲገኝ አንድ እጅ ሁለት ልማድ ይማራል። ከዚህም ይከፋል፤ ከመካከላችን አንዱ የመመረቂያ ጽሑፉን መግቢያ ዩኒኮድ ባልሆነ አሮጌ ፊደል ጽፎት ኖሮ በሌላው ኮምፒዩተር ሲከፈት የላቲን ምልክት ክምር ሆኖ ወጣ። እንደ ገና ተቀምጦ ጻፈው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቢቆጠር ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎታል፤ የምንጽፍበትን ፕሮግራም ግን ሦስት ሆነን እንኳ መስማማት አቅቶን ነበር። ስዊች የሚገባበት ክፍል ሁሉ አስቀድሞ አንድ ዓይነት የአማርኛ ፕሮግራም ይጫንበት እንላለን።

የምንፈራው ነገርም አለ። «አንድ ሞኒተር ለአራት ይበቃል» የሚለው ቃል ተይዞ አራት ተማሪ በአንድ ሞኒተር ፊት እንዳይኰለኰል ነው። ስዊች አንድ ሰው አራት ማሽን እንዲያዝ ያደርጋል እንጂ አራት ሰው በአንድ ጊዜ አያሠራም። እኛ ሦስታችን ብቻ ሆነን በፈተና ሰሞን የመጨረሻው ባለ ተራ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይቀሰቀሳል፤ ያውም መብራት ካልጠፋ። ስለዚህ የሚተርፉት ሞኒተሮች በቀጥታ ወደ ተማሪዎች መለማመጃ ክፍል እንዲሄዱና ይህም በጽሑፍ እንዲረጋገጥልን እንጠይቃለን።

የሚገዛ ካለ ርካሹን አይቶ አይቸኩል። የኛው ዓይነት ሲዞር ኮምፒዩተሩ ሞኒተሩ የተነቀለ ይመስለውና የተከፈቱትን መስኮቶች ያመሰቃቅላል፤ ሻል ያለው ሞኒተሩ እንዳለ ሆኖ እንዲታየው ያደርጋል። ለሙከራ የሚፈልግ ክፍል ቢኖር የኛን ለማዋስ ፈቃደኞች ነን፤ ከፈተናው ሳምንት በፊት ግን ይመለስልን።