ቀዳዳው ተደፈነ ማለት ክኒኑ ይቁም ማለት አይደለም



ልቡ ላይ ቀዳዳ ተገኝቶበት መዋጮ የምናሰባስብለት ሰው በየሰፈራችን አይጠፋም። ዱዓ እናደርጋለን፣ ያለንን እናዋጣለን፣ ታክሞ ሲመለስም አልሐምዱሊላህ እንላለን። ከዚያ በኋላ ግን፣ በተለይ ረመዷን ሲገባ፣ «አሁንማ ድነሃል፣ ክኒኑን ተወው» የሚል መካሪ ይበዛል። ይህ ምክር ሰው ሊገድል ይችላል።

እንዴት? በላይኞቹ የልብ ክፍሎች መካከል ያለ ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ደረት ሳይከፈት፣ በብሽሽት ደም ሥር በኩል በቀጭን ቱቦ በሚገባ የብረት መረብ ይደፈናል። ሰውነት ይህን ባዕድ ነገር በራሱ ሥጋ እስኪሸፍነው ወራት ይፈጃል። እስከዚያ ደም መረቡ ላይ ሊረጋ ይችላል፤ የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ያመጣል። አስፕሪን በአብዛኛው ቢያንስ ለ6 ወር የሚታዘዘው፣ ብዙ ጊዜም በመጀመሪያዎቹ ወራት ክሎፒዶግሬል የሚጨመረው ለዚህ ነው።

ሁሉም ሰው ዕድሜ ልኩን ይዋጠው እያልን አይደለም። ያለ ምክንያት ሲራዘም ጨጓራ ሊያደማ ይችላልና። ጊዜው ሲደርስ ሐኪሙ ልቡን በኢኮ አይቶ ይወስን። ስትሮክ የነበረበት ወይም የልብ ምቱ የሚዛባ ሰው እንዲቀጥል ሊነገረው ይችላል። «እገሌ አቁሞ ምንም አልሆነም» ማስረጃ አይሆንም። እገሌ የተደፈነለት ቀዳዳ ይሆናል፤ ሰው ሠራሽ የብረት ቫልቭ የተገጠመለት ግን ዋርፋሪንን ዕድሜውን ሙሉ ይወስዳል። ሁለቱን ማምታታት ሕይወት ያስከፍላል።

ጾምም ምክንያት አይሆንም። በቀን አንዴ የሚዋጥ ክኒን ከኢፍጣር በኋላ ይዋጣል፤ ሁለቴ ከሆነ ሐኪም ጠይቆ ለኢፍጣርና ለሱሁር ማድረግ ይቻላል። ጾሙ ከጎዳውም አላህ ለታመመ ሰው በሌላ ቀን ቀዷ እንዲያወጣ ፈቅዶለታል። ሒጃማ ለመደረግ ወይም ጥርስ ለመነቀል የምትሄዱ ደግሞ ደም ማቅጠኛ እንደምትወስዱ አስቀድማችሁ ተናገሩ።

ሰበብ ማድረስ ከተወኩል ጋር አይጣላም። ስለዚህ ከሆስፒታል ስንወጣ «እስከ መቼ ነው የምወስደው? አቁም የሚለኝስ ማን ነው?» ብለን እንጠይቅ፣ ቀኑንም እናስጽፍ። ለሕክምናው ያዋጣን ሁሉ፣ ክኒኑ እንዳያልቅበትና ቀጠሮው እንዳያልፈው መከታተልም የኛው ድርሻ ነው።

አላህ ለታመሙት ሺፋውን፣ ለሁላችንም ዓፊያውን ይስጠን። ለሚያስፈልገው ሰው አድርሱት።