ስንት ጊዜ ተጠቀሰ?

የአንድ ምሁር ሥራ በምን ይለካ ቢባል የዘመኑ መልስ አጭር ነው፤ ስንት ጽሑፍ አሳተመ፤ ጽሑፉንስ ሌሎች ሊቃውንት ስንት ጊዜ ጠቀሱለት? ይህ ቁጥር ዛሬ በየዩኒቨርሲቲው ማዕርግ ያሰጣል፤ ለምርምር የሚሆን ገንዘብም ያስገኛል። በእኛም አገር ቢሆን መምህር ወደ ፕሮፌሰርነት የሚያድገው በታተመለት ጽሑፍ ጭምር ነው። ቁጥሩ ከንቱ ነው አንልም። ነገር ግን የበሽተኛ ሕይወት ባለበት ሙያ፣ በተለይም በሥነ ልቡና ሕክምና፣ ብዙ መጠቀስንና እውነተኛ መሆንን አንድ አድርጎ ማየት አደጋ አለው እንላለን።

የመቁጠሩን ዘዴ ያስፋፉት አሜሪካዊው ዩጂን ጋርፊልድ ናቸው። ሐሳቡን በ1955 አቀረቡ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)፤ በ1964 ደግሞ የሳይንስ ጥቅሶችን ማውጫ አሳተሙ። አርአያ የሆናቸው የጠበቆች መዝገብ ነበረ። የአሜሪካ ጠበቆች አንድ ፍርድ ከተሰጠ በኋላ በየትኛው ሌላ ፍርድ እንደ ተጠቀሰ የሚያሳይ መዝገብ ነበራቸውና። አንባቢ ልብ ይበልልን፤ የጠበቆቹ መዝገብ ፍርዱ ይጽና ወይም ይሻር እንደ ሆነ ጭምር ይናገራል። የሳይንሱ ቁጥር ግን ያመሰገነውንም የነቀፈውንም በአንድ ቁና ይሰፍራል። በ2005 የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ ያወጡት መለኪያም ከዚህ አይለይም፤ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 ጊዜ የተጠቀሱ 20 ጽሑፎች ያሉት ሰው ቁጥሩ 20 ነው፤ በምን ምክንያት ተጠቀሱ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ለዚህ ነገር ከፕሮፌሰር ሃንስ አይዘንክ የተሻለ ምሳሌ አናገኝም። አይዘንክ በ1916 በርሊን ተወልደው፣ በሂትለር ዘመን አገራቸውን ትተው ወደ ለንደን ተሰደዱ። በዚያም በአእምሮ ሕክምና ተቋም የሥነ ልቡና ፕሮፌሰር ሆነው ክሊኒካል ሳይኮሎጂ በእንግሊዝ አገር ራሱን የቻለ ሙያ እንዲሆን ብዙ ደክመዋል። ወደ 80 የሚጠጉ መጻሕፍትና ከ1,000 የሚበልጡ ጽሑፎች አሳትመዋል። በ2002 የወጣ አንድ ጥናት የ20ኛውን መቶ ዓመት የሥነ ልቡና ሊቃውንት በመጽሔት በመጠቀስ ብዛት ሲደረድር ፍሮይድን አንደኛ፣ ፒያዤን ሁለተኛ፣ አይዘንክን ሦስተኛ አድርጓቸዋል።

ከሥራዎቻቸው መካከል እጅግ ካነጋገሩት አንዱ በ1952 ያወጡት አጭር ጽሑፍ ነው። በጭንቀትና በመሰል ሕመም ከሚሠቃዩት ሰዎች ከሦስቱ ሁለቱ ቢታከሙም ባይታከሙም በሁለት ዓመት ገደማ ይሻላቸዋል፤ ስለዚህ በንግግር የሚደረገው ሕክምና ለመጥቀሙ በቂ ማስረጃ የለም አሉ። የሙያው ሰዎች ተቆጡ፤ ከጠቀሷቸውም ብዙዎቹ የጠቀሷቸው ሊያፈርሷቸው ነው። በ1977 ሜሪ ስሚዝና ጂን ግላስ 375 ጥናቶችን አንድ ላይ መዝነው ሕክምናው ይጠቅማል የሚል ውጤት አወጡ። እንግዲህ የአይዘንክ መደምደሚያ አልጸናም፤ ሆኖም ክርክሩ ሌሎችን ወደ ጠንካራ ጥናት ስለ ገፋ ጽሑፉ ባለውለታ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ስሕተት እኛ አንጠላውም።

የሚያሳዝነው ሌላው ነው። በሃይደልበርግ ይሠሩ ከነበሩ አንድ ተመራማሪ ጋር ሆነው ለካንሰር የሚያጋልጥ ጠባይ አለ፤ ጠባይ ከትምባሆ ይልቅ ሞትን ያመለክታል፤ በሥነ ልቡና ሕክምና ጠባያቸውን ያቀኑ ሰዎች ግን ከካንሰር ይተርፋሉ የሚሉ ጽሑፎችን በተከታታይ አወጡ። ውጤቱ ለማመን የሚያስቸግር ነበር። ከትምባሆ ኩባንያዎች በኩል ለምርምራቸው ገንዘብ ይመጣ እንደ ነበረም ኋላ ይፋ በወጡ ሰነዶች ታውቋል። በ1992 አንቶኒ ፔሎሲና ሉዊስ አፕልቢ በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ ጥርጣሬያቸውን በግልጥ ጻፉ። ማንም ምርመራ አላዘዘም። አይዘንክ በ1997 ሲያርፉ በሕይወት ካሉት የሙያው ሰዎች መካከል እጅግ የተጠቀሱ ይባሉ ነበር። የለንደኑ ኪንግስ ኮሌጅ ጉዳዩን መርምሮ 26 ጽሑፎች የማይታመኑ ናቸው ያለው በ2019 ነው፤ በ2020 መጽሔቶች ከ10 የሚበልጡ ጽሑፎቻቸውን ሰረዙ።

በዚህ መካከል በጡትዋ ዕጢ የወጣባትን አንዲት እናት እናስብ። በሽታው የመጣብሽ ከጠባይሽ ነው፤ ቁጣሽን በሆድሽ ስለ ያዝሽ ነው ብትባል፣ በሕመሟ ላይ ጥፋተኝነት ተጨመረባት ማለት ነው። ሲጋራውን የማይተወው ሰውስ ጠባዬ ደኅና ነው ብሎ ቢጽናና ማን ይከሰሳል? የጥቅሱ ቁጥር ይህን ሁሉ አያውቅም። ጽሑፉ ሲሰረዝ እንኳ ያለፈው ቁጥር አይቀነስም፤ የተሰረዘ ጽሑፍን ሳያውቁ የሚጠቅሱም ሞልተዋል። (በአማርኛ የተጻፈ ጥሩ ጥናት በነዚህ ማውጫዎች እምብዛም አለመቆጠሩን ሌላ ቀን እናነሣዋለን።)

እኛ የምንጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። የማዕርግ እድገት የሚወስኑ ኮሚቴዎች ከዕጩው ጽሑፎች ሁለቱን ወይም ሦስቱን ራሳቸው ያንብቡ። የጠቀሱት ሰዎች ደግፈው ይሁን ነቅፈው ይመልከቱ። ነገሩ በሽተኛን የሚነካ ከሆነም ሌላ ተመራማሪ ሥራውን እንደገና ሞክሮ ያንኑ ውጤት ማግኘቱ ይጠየቅ። ይህ ጊዜ ይወስዳል ለሚሉን፣ የለንደኑ ጉዳይ ከጥርጣሬው እስከ ምርመራው 27 ዓመት እንደ ፈጀ እናስታውሳቸዋለን።